የከሸፈብኝ ቅዳሜ፦ በአፈሙዙ በሚጎርስ ጠመንጃ የመጀመሪያ ውድድሬ

አንድ ሰው ብቻ "ዘይቱን ከበርሜሉ ሳታወጣ ባሩድ እንዳትጨምር" ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። የነገረኝ የለም። እንዲያውም ክለቡ ለጀማሪዎች የሚያድለው ወረቀት የሚያዘው ሌላ ነበር፤ እሱን አምኜ ስድስት ወር የተዘጋጀሁበትን ቅዳሜ አጣሁት።

ስናድር የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ በፉከራና በቀረርቶ ስሰማው አድጌአለሁ። ከየት እንደመጣ ያወቅሁት ግን ቨርጂኒያ ከገባሁ በኋላ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1853 ኤንፊልድ የሚባል፣ በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ አወጡ። በ1860ዎቹ ደግሞ የዚያኑ ጠመንጃ ኋላውን ቆርጠው ከበስተኋላ እንዲጎርስ አደረጉትና በፈልሳፊው ስም ስናይደር አሉት። የናፒየር ጦር በ1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1868) መቅደላ ይዞት የወጣው እሱን ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ነፍጠኞች አንዴ ተኩሰው ባሩድ አፍስሰው፣ እርሳስ ጠቅጥቀው እስኪነሡ ድረስ ያኛው ወገን ደጋግሞ ይተኩስ ነበር። ይህን ልዩነት ማንበብ አልበቃኝም፤ በገዛ እጄ ላውቀው ፈለግሁ። ስለዚህ የስናድርን እናት፣ ጣሊያን አገር የተሠራ የኤንፊልድ ቅጂ ገዛሁ።

ግዢው ቀላል ነው። እንዲህ ያለ ቅጂ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እንደ ጥንታዊ መሣሪያ ይቆጠራል፤ የየስቴቱ ሕግ ግን ስለሚለያይ የራሳችሁን ጠይቁ። ጥይቱን ከለስላሳ እርሳስ አቅልጬ በቅርጽ አወጣሁ፤ በሰምና በሞራ ቀባሁት።

ባሩድ ላይ ግን የማልለቀው አቋም አለኝ። ሱቅ ውስጥ ያሉት ምትክ ዱቄት ውሰድ ይሏችኋል። እውነተኛው ጥቁር ባሩድ ፈንጂ ተብሎ ስለሚመደብ ማከማቸቱ ለነሱ ጣጣ ነው። አትስሟቸው፤ ምትኩ ለመቀጣጠል የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል። እኔ ሁለት ሰዓት ነድቼ እውነተኛውን አመጣሁ። በአውሮፕላን የምትመጡ ደግሞ ባሩድም ሆነ ካፕሱል (ስትመታ ባሩዱን የምታቀጣጥለው ትንሽ ቆብ) በየትኛውም ሻንጣ አይፈቀድም፤ ከደረሳችሁ በኋላ የምታገኙበትን ቀድማችሁ ጨርሱ።

ውድድሩ 50 ሜትር ላይ ቆሞ መተኮስ ነው። 30 ደቂቃ ይሰጣል፤ 13 ጊዜ ይተኮሳል፤ ምርጥ 10ሩ ይቆጠራሉ። ባሩድ ከትልቁ ዕቃ በቀጥታ ወደ በርሜል አይፈስም፤ በርሜሉ ውስጥ የተረፈች አንዲት ፍም ዕቃውን በእጅህ ላይ ልታፈነዳው ትችላለች። ስለዚህ እያንዳንዱ ተኩስ ቤት ተመዝኖ በየብልቃጡ ይመጣል። የእኔ 45 ግሬን፣ ወደ 3 ግራም ገደማ ነበር።

እንግዲህ ወረቀቱ "ጠመንጃችሁ ለፍተሻ ሲቀርብ ዝገት እንዳይገኝበት በደንብ ዘይት ቀብታችሁ አምጡ" ይላል። ቀባሁት። ደጋግሜ ቀባሁት። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ቁም ሣጥን ውስጥ በሰደፉ አቆምኩት። ዘይቱ ቀስ እያለ በበርሜሉ ወርዶ ባሩዱ የሚያርፍበት ቦታ ተጠራቀመ። ፈታሹ ቅዳሜ ጠዋት በርሜሉን አይቶ "ጎበዝ" አለኝ። ያቺ "ጎበዝ" እስከዛሬ ታናድደኛለች።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ተኩስ ተፈቀደ። ባሩዱን አፈሰስኩ፣ እርሳሱን ጠቀጠቅሁ፣ ካፕሱሉን ጫንኩ፣ ቃታውን ሳብኩ። ካፕሱሉ ጧ አለ፤ ከዚያ ዝም። አፈሙዙን ከዒላማው ሳላነሣ ሙሉ አንድ ደቂቃ ጠበቅሁ፤ እሳቱ ዘግይቶ ሊደርስ ስለሚችል ይህን ማንም መዝለል የለበትም። ሁለተኛ ካፕሱል፤ ዝም። ሦስተኛ፤ ዝም። ግራና ቀኜ ያሉት እየተኮሱ ነው፤ ጭሱ ፊቴን ይሸፍነዋል፤ ሰዓቱ ይሄዳል።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ካፕሱሉ የሚቀመጥባትን ብሎን ፈትቶ፣ በቀዳዳዋ ጥቂት ደቃቅ ባሩድ አስገብቶ፣ መልሶ አጥብቆ መተኮስ ነው። መፍቻዬ ግን መኪና ውስጥ ቀርቷል። የተኩስ መስመሩን ኃላፊ ጠራሁት። የጎረሰ ጠመንጃ ትቼ እንዳልሄድ ከለከለኝ፤ እዚህ ላይ ልክ ነው። መፍቻ አምጡልኝ ስለው ግን "ተወዳዳሪን መርዳት አይፈቀድም፤ ሰዓቱም አይቆምም" ብሎኝ ሄደ። እርዱኝ አላልኩም፤ መፍቻ ብቻ ነበር የጠየቅሁት። በስተቀኜ የነበሩ ሽማግሌ 13 ተኩሳቸውን ጨርሰው የራሳቸውን መፍቻ ዝም ብለው ጠረጴዛዬ ላይ እስኪያስቀምጡልኝ ድረስ 19 ደቂቃ አልቋል። ኃላፊው አየ፤ ምንም አላለም። ታዲያ ከመጀመሪያው ለምን?

የመጀመሪያው ተኩስ ዘይትና ጭስ ተፍቶ ወጣ፤ የዒላማውን ወረቀት እንኳ አልነካም። ቀጥሎ 9፣ 8፣ 9 መታሁ። በእነዚህ ሦስቱ እኮራለሁ። ችኮላው የያዘኝ ከዚያ በኋላ ነው። ባዶውን ብልቃጥ ከሙሉዎቹ ጋር የብልቃጥ መያዣው ቀዳዳ ውስጥ እመልሰው ነበር። በአምስተኛው ላይ ባዶውን አንሥቼ በርሜሉ ላይ ገለበጥሁትና እርሳሱን ባሩድ በሌለው በርሜል ውስጥ ጠቀጠቅሁት። የቀሩኝ ደቂቃዎች በመጠቅጠቂያው ዘንግ ጫፍ ያለውን ብሎን እርሳሱ ውስጥ አስገብቼ ስጎትት አለቁ። ውጤቴ ከ100 ውስጥ 26 ሆነ። ወረቀቱን ብወቅስም ይህኛው ጥፋት የራሴ ነው፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ማታ ሆቴል ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ሁሉንም ከመጀመሪያው አሰብኩት። እሑድ ዳግም ስወዳደር የሠራሁት እንዲህ ነው። ጠመንጃውን ሌሊቱን አፈሙዙን ወደ ታች አድርጌ፣ ሥሩ ጨርቅ አንጥፌ አሳደርኩት። ጠዋት ደረቅ ጨርቅ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ በርሜሉን ወለወልኩ። ሜዳው ላይ ከማጉረሴ በፊት አፈሙዙን ወደ ሣሩ አቅርቤ ሦስት ባዶ ካፕሱል አፈነዳሁ፤ ሣሩ ሲወዛወዝ እሳቱ እስከ አፈሙዙ መንገድ እንዳለው አወቅሁ። መፍቻው ኪሴ ውስጥ ነበር። ባዶ ብልቃጥ ሁሉ ወዲያው ይደፋል። ወረቀቱ ከ10 ተኩስ በኋላ ወልውሉ ይላል፤ እኔ በየአራቱ ወለወልኩ፤ ምክንያቱም ከሚቃጠለው ጥቁር ባሩድ ግማሽ ያህሉ ጋዝ ሳይሆን ጠጣር ቅሪት ይሆናል፤ ከፊሉ በጭሱ ሲወጣ የተረፈው ጥላሸት ሆኖ በርሜሉ ውስጥ ይቀራል። ጊዜ ይበላል ያሉኝ ነበሩ። 13ቱንም ተኩሼ አራት ደቂቃ ተረፈኝ፤ 84 አገኘሁ።

የዚያን ቀን ማታ በርሜሉን በፈላ ውሃና በሳሙና አጠብኩት፤ ጥላሸቱ እርጥበት ስቦ ብረት ስለሚበላ ለነገ አይባልም። ከዚያም ስስ ዘይት።

ለክለቡ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር እንዲጨምሩ፣ መስመሩንም ራሴ አርቅቄ ላክሁላቸው። ሁለት ወር ሆነው፤ መልስ የለም። ባለፈው ቅዳሜ አንድ አዲስ ልጅ ያንኑ ወረቀት ይዞ፣ ጠመንጃውን በሰደፉ አቁሞ አየሁት። ሄጄ ነገርኩት።