የቀረጻ ፈቃድ መኪና አያስቆምም

አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ደቂቃ የመንገድ ደህንነት ፊልም ለመሥራት ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። እኛ የምንሠራው በአንድ ካሜራ፣ በ135 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በድምፅ መቅጃና በኪራይ መኪና ነው። ስክሪፕቱ አንድ ገጽ ይበቃዋል። ሻተሩን (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ላይ አድርጉት፤ መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ማታ ብልጭ ድርግም አይልባችሁም።

የሚያቃጥለው ፈቃዱ ነው። የቀረጻ ፈቃድ ካሜራ ያስተክላል እንጂ መኪና አያስቆምም። ደብዳቤውን ይዛችሁ ስትደርሱ ትራፊክ ፖሊሱ «ግልባጭ አልደረሰኝም» ይላል፤ ደንብ አስከባሪው ደግሞ ትሪፖዱ የእግረኛ መንገድ ዘጋ ብሎ ይመጣል። እነሱስ ሥራቸውን ነው የሠሩት። የሚያናድደው ማህተሙን የመታው ቢሮ ይህንን እያወቀ ዝም ማለቱ ነው።

መኪና ሳይቆም የተቀረጸ ፊልም አይጸድቅም። ተዋናዩ ዜብራ ላይ በሥርዓት ሲሻገር ከጀርባው ሰው አጥር ይዘላል፣ የሚኒባስ ረዳት በር ላይ ይንጠለጠላል፣ ሞተረኛው ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አድርጎ ያልፋል። ገምጋሚው ኮሚቴ የሚያየው ይህንን ብቻ ነው፤ ተመልካቹም ቢሆን እንደዚያው። በኤዲቲንግ እናደበዝዘዋለን ካላችሁ የሚንቀሳቀስ ነገር ፍሬም በፍሬም ሲለቀም የኪራዩን ያህል ገንዘብ ይበላል።

ስለዚህ «መንገድ ይዘጋልን» ብላችሁ አትጻፉ፤ ጥያቄው ወደ ላይ ይመራና እዚያው ይቀራል። «በአንድ አቅጣጫ፣ ከዚህ እስከዚህ፣ ለ3 ደቂቃ እየተያዘ ይለቀቅልን» በሉ። ሰዓቱን እሁድ ከጠዋቱ 12:30 እስከ 3:00 አድርጉት፤ ከዚያ በኋላ ፀሐዩ አናት ላይ ወጥቶ ዓይን ሥር ጥላ ይጥላል። ነጠላ የለበሰ ምእመን ስለሚበዛ ነጩ ልብስ ዝርዝሩ ጠፍቶ እንዳይቃጠል ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን ትንሽ ቀንሱ። ግልባጩን ራሳችሁ ፖሊስ ጣቢያ አድርሱና በእጃችሁ ባለው ቅጂ ላይ አስፈርሙ። ፈረቃ ሲቀየር ለሚገባው ፖሊስ እንደገና አሳዩ። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው፣ መንገድ ለመኪና በሚዘጋበት የ«መንገድ ለሰው» እሁድ አትተማመኑ፤ መኪና የለም፣ የእናንተም አይገባም።

መኪና እግረኛ ሊገጭ ሲል የሚያሳየውን ትዕይንት መንገድ ላይ አትሞክሩት፣ ቢፈቀድላችሁም። ባዶ ግቢ ፈልጋችሁ በተገላቢጦሽ ቅረጹት፦ መኪናው ከተዋናዩ 2 ሜትር ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ይነሳ፣ ተዋናዩም ወደ ኋላ ይራመድ፤ ከዚያ ምስሉን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አጫውቱት። 135 ሚሊሜትሩ ሌንስ ከሩቅ ሲቀረጽበት ርቀቱን ስለሚያጠብ 2 ሜትሩ ስንዝር ይመስላል። መኪናው በኃይል ወደ ኋላ ሲነሳ አፍንጫው ዝቅ ስለሚል ብሬክ የያዘ ነው የሚመስለው። ተዋናዩ ከመግባቱ በፊት ሹፌሩ ያለ ሰው አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ነድቶ ያሳይ፤ ማርሽ ከተሳሳተ ትወናው እውነት ይሆናል። አቧራና ጭስ ወደ መኪናው ተመልሶ ሲገባ ስለሚያስቅ መሬቱን አርጥቡ። የጎማ ጩኸት ለብቻው ይቀዳ፤ ኤቢኤስ (ብሬክ ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) ያለው መኪና እንደ ፊልም አይጮህም።

አሠሪዎች ደምና የተጨማደደ ብረት ይጠይቃሉ። እምቢ በሉ፤ ሹፌር ፊቱን ያዞራል። በምትኩ አስፋልት ላይ በኖራ ሁለት መስመር አስምሩ፦ በሰዓት 50 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና እግር ብሬክ ላይ እስኪደርስ ባለችው አንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፣ በ30 ግን 8 ሜትር ገደማ። የኃላፊው መልእክት ለብቻው በሌላ ፋይል እንደሚሰጥ ውሉ ላይ ጻፉ፤ አለበለዚያ ከ60 ሰከንዱ ግማሹን ንግግር ይወስደዋል።