ሞተሩን ቀዝቅዞ አግኙት

ያገለገለ መኪና ልታዩ ስትሄዱ ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቃችሁ፣ ሌላ ቀን ተቀጣጠሩ። ብዙ ችግር የሚጋለጠው መኪናው አድሮ ሲነሳ ነው። መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ (ሲቀዘቅዝ ብቻ፤ ሲሞቅ ፊት ያቃጥላል)። ውስጡ ቡናማ ቅባት ከታየ ዘይትና ኩላንት (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ) ተቀላቅለዋል፤ የቴስታታው ጋርኒሽን (በሞተሩ ክዳንና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ አስነሱት። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ነጭ ጭስ በብርድ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ቢታይ እንፋሎት ነው፤ ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋ ግን ኩላንት ወደ ሲሊንደር መግባቱን ጠርጥሩ።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪን ብቻ የሚያምን ገዢ ይገርመኛል። 60,000 የሚል መኪና የፍሬን ፔዳሉ ጎማ አልቆ፣ መሪው ተልጦ ከተገኘ ቁጥሩ ሳይነካካ አልቀረም።

የጎማውን ዕድሜ ማወቅም ይጠቅማል፦ ጎኑ ላይ የታተሙት 4 አሃዞች፣ ለምሳሌ 2319፣ የ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ማለት ናቸው። ጎማው በጣም ከቆየ መኪናውም ቆሞ ከርሞ ሊሆን ስለሚችል ባትሪውን አስለኩ።

የሻንሲ ቁጥሩን ፊደላትና አሃዞች (አብዛኛውን ጊዜ 17 ናቸው) ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። አንዷ ከተለየች ቀብድ አትክፈሉ።