ጨርቁን በጥርሱ የያዘው ሰውዬ

ዛሬ ስዊዘርላንድ፣ ከሌቲቫ መንደር በላይ ተራራው ላይ፣ አንድ አይብ ሠሪ አጠገብ ቆሜ አረፈድኩ። ጎጆዋ ጭስ በጭስ ናት። የእንጨት እሳት፣ እሳቱ ላይ ግዙፍ የመዳብ ድስት።

ሰውዬው የረጋውን ወተት ቆራርጦ እያማሰለ አሞቀው። ከዚያ ጭብጥ አድርጎ ጨመቀና በአውራ ጣቱ ፈረካከሰው። ራሱን ነቀነቀ። ደርሷል ማለት ነው። ቴርሞሜትሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ዞር ብሎም አላየው።

ቀጥሎ ያደረገው ነው ከዓይኔ ያልጠፋው። የጨርቁን አንድ ጫፍ በጥርሱ ነከሰ። ሌላውን ጫፍ የሚተጣጠፍ ብረት ላይ ጠቀለለና ጎንበስ ብሎ ክንዱን እስከ ክርኑ አስገባ። ብረቱን በድስቱ ሥር አሳልፎ ሲያወጣው አይቡ ጨርቁ ውስጥ ነው። አፉ ጨርቅ ስለያዘ ጥያቄዬን በቅንድቡ መለሰልኝ።

በኋላ «በጋዝ አይቀልም?» አልኩት።

«ይቀላል። ሌቲቫ ግን አይባልም።»

እውነቱን ነው። ሌቲቫ የሚለው የአይቡ ስም በፈረንጆቹ ከ2000 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። በፈረንጆቹ ከሜይ 10 እስከ ኦክቶበር 10፣ እዚያው ተራራ ላይ፣ በእንጨት እሳት ካልተሠራ አይሆንም። ገበሬዎቹ በ1930ዎቹ ነው ተሰባስበው ማኅበር ያቋቋሙትና የጋራ የአይብ ማቆያ የሠሩት። ጭስማ እኛም አገር ሞልቷል። እኔን ያስቀናኝ ማኅበሩ ነው።

አጓቱን ለአሳማ ነው የሚሰጡት። ያን ሁሉ አጓት! እናቴ ብታይ ትጣላቸው ነበር።