ሲሞላ ጤነኛ፣ ሲጎድል በሽተኛ፦ የሃርድቶፔ የናፍጣ ጣጣ

መኪናዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዋረደችኝ ከሸዋሮቢት ወደ ደብረ ሲና ስንወጣ ነው። ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ናት፣ ኤችዜድጄ75፣ እ.ኤ.አ. የ1995 ስሪት። ጨረታ ላይ ነው የገዛኋት። ከመሸጧ በፊት የአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ሁለት ዓመት ገደማ ቆማለች። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሸዋሮቢት ቆላ ነው፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር አካባቢ። ጣሊያን የቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ ጋ ስትደርሱ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ። ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ እየወጣሁ ሳለ ነዳጅ መስጫው ከእግሬ ሥር ባዶ ሆነብኝ። ረገጥኩ፣ ምንም የለም። ሁለተኛ አስገባሁ፣ ትንሽ ተነሣች፣ ከዚያ እንደሚያስነጥሰው ሰው ሁለት ሦስቴ እህ እህ ብላ ጠፋች።

ኮፈኑን ከፈትኩ። የናፍጣ ፊልትሮው (ማጣሪያው) አናት ላይ በእጅ የምትጫን ፓምፕ አለች፤ አየር ሲገባ ማስወጫ ናት። ደህና ሲሆን ጥቂት ጊዜ ስትጫኗት እንደ ድንጋይ ትጠነክራለች። ያን ቀን ግን እንደ ስፖንጅ ለስልሳ ነበር። ሃያ ጊዜ ያህል ጫንኳት፣ ጠነከረች፣ ሞተሩ ተነሣ። ሦስት ኪሎ ሜትር ሄድኩና ያው።

አንድ ሸምገል ያሉ የኤፍኤስአር ጭነት መኪና ሹፌር ቆሙልኝ። ኮፈኑ ውስጥ እንኳን አላዩም።

«ልጄ፣ ናፍጣህ የት ጋ ነው ያለው?»

«አላለቀም ጋሼ፣ ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ያለ ነው።»

«ደብረ ሲና እንደምንም ግባና ሙላት። ከዚያ እያት።»

በየኪሎ ሜትሩ ፓምፗን እየጫንኩ ደብረ ሲና ገባሁ፣ ሞላሁ። ከዚያ ጣርማ በርን እንደ አዲስ መኪና ወጣችው። እኔም «አየር ነበር፣ ወጣ» ብዬ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ አዲስ አበባ ገባሁ። ሰውዬው መልሱን በእጄ አስይዘውኝ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ይዤው ዞርኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ስነግራችሁ አትሳቁ። ፊልትሮ ቀየርኩ። ሳምንት ቆይታ እንጦጦ ዳገት ላይ ደገመችኝ፣ ሌላ ፊልትሮ ቀየርኩ፤ የመጀመሪያው ፎርጅድ ነው ተብዬ። ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩትን ኖዝሎች አስወጥቼ አስፈተሽኩ፣ ሁለቱ ደክመዋል ተብሎ ስድስቱም ተቀየሩ። እሱ ገንዘብ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ነው። በመጨረሻ መካኒኩ ፖምፓው፣ ማለት ናፍጣውን በግፊት ወደ ኖዝሎቹ የሚልከው ትልቁ ፓምፕ፣ ወልቆ ፖምፓ ጠጋኙ ፖምፒስታ ጋ ይሂድ አለ። ዋጋውን ስሰማ ነው ቆም ብዬ ማሰብ የጀመርኩት። ድህነት አንዳንዴ ጥሩ አስተማሪ ነው።

መካኒኩን ለመውቀስ አይደለም። «መኪናው ጉልበት አጣ» ብዬ ነው የወሰድኩለት። መቼ፣ የት፣ ናፍጣው ስንት ሲሆን የሚለውን አልነገርኩትም፤ ራሴም አላውቀውም። ያን ማታ አንድ ደብተር ጓንት ማስቀመጫው ውስጥ አስገባሁና በደከመች ቁጥር ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የናፍጣ ጌጁን ንባብ መጻፍ ጀመርኩ። በአሥር ቀን አምስት ጊዜ ጻፍኩ። አምስቱም ጊዜ ጌጁ ከግማሽ በታች ነው። አንድ ሌላ ነገርም ታየኝ፦ ማታ አፍንጫዋን ወደ ዳገት አዙሬ ካቆምኳት ጠዋት ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ብዙ ካላስጮህኩ አትነሣም። ወደ ቁልቁለት ካቆምኳት ወዲያው ትነሣለች።

እዚህ ጋ የነዳጁን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። የኔዋ ሞተር 1ኤችዜድ ነው፣ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦም ኮምፒውተርም የለውም። ሰልባትዮው (የናፍጣ ታንከሩ) ውስጥ የኤሌክትሪክ ፓምፕ የለም። ናፍጣውን ከኋላ እስከ ፊት የሚስበው ትልቁ ፖምፓ ውስጥ ያለች ትንሽ ፓምፕ ናት። ስለዚህ ከሰልባትዮ እስከ ፖምፓ ያለው መስመር የሚገፋ ሳይሆን የሚመጠጥ ነው፣ ልክ በስትሮ እንደምትጠጡት። ስትሮ ቢቀደድ መጠጡ አይፈስም፣ አየር ነው የሚገባው። እኔ ግን የሚያንጠባጥብ ነገር ፍለጋ መኪናዋ ሥር ተኝቼ ግማሽ ቀን አጥፍቻለሁ። አንዲት ጠብታ አላገኘሁም፣ ደስ ብሎኝም ነበር፣ ሞኝ።

ከዚያ ገንዘብ ከማያስወጣው ጀመርኩ። በመጀመሪያ ጭሱን አየሁ። ዳገት ላይ ጓደኛዬ በሌላ መኪና ተከተለኝ። ናፍጣ ሞተር ጉልበት አጥቶ ጥቁር ጭስ ከተፋ አየር ነው ያነሰው፤ የአየር ፊልትሮ ተዘግቶ ወይም ከፍታው ሆኖ። ጉልበት አጥቶ ጭስ ከሌለው ደግሞ የሚቃጠል ናፍጣ ነው የጠፋው። የኔዋ ምንም አታጨስም ነበር። አጠፋፏም ቀስ በቀስ ነው። ቁልፍ እንደተዘጋበት ድርግም ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ፖምፓው ላይ ያለችውን በኤሌክትሪክ የምትሠራ የነዳጅ መዝጊያ (ሶሌኖይድ) እና ሽቦዋን እዩ፤ ቁልፍ ስትከፍቱ «ጠቅ» ማለት አለባት።

ቀጥሎ የሰልባትዮውን ክዳን። ክዳኑ ካልተነፈሰ ውስጡ ይታፈንና ናፍጣው አልሳብ ይላል። ሞተሩ ሲደክም ክዳኑን ከፍቼ አዳመጥኩ፣ ፍሽሽ የሚል የለም። ይሄ አይደለም።

ከዚያ ፊልትሮው ሥር ካለችው ማፍሰሻ በባዶ ሃይላንድ ቀዳሁና አንድ ሌሊት መስኮት ላይ አሳደርኩት። ጠዋት ታች አንድ ጣት የማይሞላ ውሃ ተኝቷል፣ ከሱ በላይ ቡናማ ደቃቅ ነገር። ውሃው ከጀሪካን የገዛሁት ናፍጣ ስጦታ ነው ብዬ ነው የማምነው፤ ማደያ ወረፋ ሲረዝም መንገድ ዳር ገዝቼ ነበር። ቡናማው ግን ዝገት ነው። ማግኔት ስሰጠው ወደ ጠርሙሱ ዳር ተጠጋ። የጀሪካን ሻጭ ዝገት አይሸጥም፣ ይሄ ከቤት የወጣ ነው።

ከሁሉም ፈተና የወደድኩት ቀጣዩን ነው። ግንበኞች ውሃ ልክ የሚይዙበት ግልጽ ቱቦ አለ አይደል? አንድ ሜትር ገዛሁ። ፊልትሮው መግቢያ ላይ ያለውን ጥቁር ጎማ አውልቄ ይሄን ተካሁ፣ ሁለቱን ጫፍ በፋሸታ (በቱቦ ማሰሪያ) አጠበቅኩ። አሁን የሚሄደው ናፍጣ ይታያል። ሰልባትዮው ሙሉ እያለ ሞተሩን አስነሥቼ ብዙ አስጮህኩት፤ ናፍጣው ጥርት ያለ፣ የቆመ እስኪመስል ድረስ። ጌጁ ከግማሽ እስኪወርድ በዚያው ነዳሁና ደግሜ አየሁ። በዝግታ ሲሠራ አልፎ አልፎ እንደ ጤፍ ፍሬ ደቃቅ አረፋ ታልፋለች። ዙሩን ስጨምር አረፋው ተከታትሎ፣ ከዚያ ተያይዞ፣ በመጨረሻ ቱቦው ግማሹ አየር ሆነ። እዚያው ቁጭ ብዬ አየሁት። የሦስት ወር ጥያቄዬ ዓይኔ ሥር እየፈላ ነበር።

ግን አየሩ ከየት? ከሰልባትዮ እስከ ፊልትሮ ድረስ ብዙ መገጣጠሚያ አለ። እሱን በግማሽ ለመክፈል ጀሪካን ተጠቀምኩ። 20 ሊትር ንጹሕ ናፍጣ ከፊት አሰርኩና መሳቢያውንም መላሹንም ቱቦ ጀሪካኑ ውስጥ ከተትኩ። መላሹን አትርሱት፤ ያለበለዚያ ጀሪካኑ እያለቀ ሰልባትዮው ይሞላል። በጀሪካን ሩብ ሰዓት ሙሉ አስጮህኳት። አንድም አረፋ የለም። ፖምፓው ነፃ ወጣ! ፖምፒስታው ጋ ልሰጥ የነበረውን ገንዘብ በሐሳቤ ኪሴ ውስጥ መለስኩት። ቀጥሎ ጀሪካኑን ወደ ኋላ ወስጄ ሰልባትዮው ጎን ካለው የብረት መስመር ጋር አገናኘሁት፤ አሁንም ጥሩ። የቀረው ሰልባትዮው ራሱ ነው።

ማውረዱን ብቻዬን አልሞከርኩትም። መካኒኩ ጋ ተመለስኩ፣ ናፍጣውን ቀዳን፣ እሱና ረዳቱ አወረዱት። ከላይ ገብቶ እስከ ወለል የሚወርደውን የመሳቢያ ቱቦ ፈታን። ጫፉ ላይ ያለችው ወንፊት በዝገት ጭቃ ግማሿ ተደፍናለች። ቱቦው ላይ ግን በዓይን የሚታይ ነገር የለም፣ ዝገት ብቻ። መካኒኩ «ወንፊቷ ናት፣ አለቀ» አለ። እኔ ደግሞ «ወንፊት ብትዘጋ ሲሞላ ለምን ደህና ሆነች?» አልኩ። ረዳቱ ልጅ ነው፣ ዝም ብሎ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውሃ ሞልቶ አመጣ። የታችኛውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ደፈነ፣ ቱቦውን አጋደመው፣ «ንፋ» አለኝ። ነፋሁ። መሃል አካባቢ፣ ዝገቱ ቀለበት ሠርቶ ከከበበበት ቦታ፣ እንደ መርፌ ጫፍ ካለች ቀዳዳ አረፋ ተንጠልጥላ ወጣች። ከዚያ ሌላ። ሦስታችንም ሳቅን።

አሁን ያቺን ሁለት ዓመት አስታውሱ። መኪናዋ ግማሽ ናፍጣ ይዛ ነው የቆመችው። ከናፍጣው በላይ ያለው ባዶ ቦታ ቀንና ሌሊት እየሞቀ እየበረደ ያልበዋል፤ ቱቦውም በዚያው የናፍጣው ወለል በነበረበት መስመር ዛገ፣ ተበሳ። ናፍጣው ከቀዳዳዋ በላይ ሲሆን ናፍጣ ትስባለች፣ ችግር የለም። ሲወርድ አየር ትስባለች። ዳገት ላይ ናፍጣው ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ቶሎ ትገለጣለች። ወንፊቷ ደግሞ ስለተደፈነች ከታች መሳቡ ይከብዳል፣ ከቀዳዳዋ መሳብ ይቀላል። ሁለቱ ተባብረው ነው የገደሉኝ። ማታ አፍንጫዋ ወደ ላይ ስትሆንም አየር በዚያች ገብቶ መስመሩ ውስጥ ያለው ናፍጣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ለዚህ ነው ጠዋት እምቢ የምትለው።

አዲስ ቱቦ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ፈልጌ ያገኘሁት ሁሉ ከኔው የባሰ ነበር። አንድ ራዲያተር የሚሠሩ አባት በተመሳሳይ ውፍረት የብረት ቱቦ ቀጥለው በነሐስ በየዱልኝ። ቱቦውን ብቻ ነው የወሰድኩላቸው። ሰልባትዮ ላይ እሳት የሚያስጠጋ ሰው ካያችሁ ሽሹ፤ ባዶ ነው የሚሉት ነው የሚፈነዳው። ሰልባትዮውን ውስጡን በናፍጣ ደጋግመን አለቀለቅነው፤ መጀመሪያ የወጣው የቀጠነ ሽሮ ይመስል ነበር።

አንድ ነገር በጎን ልበል። ፖምፓው ላይ ናፍጣ የሚገባበትና የሚመለስበት ቡሎን ይመሳሰላሉ፣ ግን አንድ አይደሉም። የመመለሻው ላይ አውት የሚል ተጽፏል፣ ውስጡም ቀጭን ቀዳዳ አለው፤ የፖምፓውን የውስጥ ግፊት የሚይዘው እሱ ነው። ከተለዋወጡ መኪናው ያለ ጥፋቱ ይታመማል። መኪናችሁ ጋራዥ ከገባች በኋላ አዲስ ችግር ካመጣች መጀመሪያ እሱን እዩ። ወደ ኖዝል የሚሄደውን ቀጭን ብረት ስትፈቱ ደግሞ እጃችሁን ከፊቱ አታድርጉ፣ ግፊቱ ቆዳ ይበሳል።

ባለፈው ወር ደብረ ሲናን ጌጁ ሩብ ላይ እያለ ሆነ ብዬ ወጣሁት። ግልጹ ቱቦ ገና አልተነሣም ነበር። ዋሻው ጋ ቆሜ ኮፈኑን ከፈትኩና አየሁት፣ ጥርት ያለ ነው። ቤት ስገባ አወለቅኩት፤ ናፍጣ እያደረቀው ስለሚሄድ ለዘለቄታ አይሆንም። አሁን ያለብኝ ችግር ሌላ ነው። ሰልባትዮውን ስናወርድ የጌጁ ተንሳፋፊ ሳይጣመም አልቀረም፣ ግማሽ ሲኖራት ሙሉ ነኝ ትላለች። ደብተሬን እንደገና አውጥቻለሁ።