ለስላሳ ትንባሆ፣ ከከዚራ እስከ ኤረር በር

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር የለኮስኩት ፒፓ ገና ከእሳት የወረደ ሽሮ እንደ ቀመሰ ሰው ምላሴን ለበለበኝ። ይበልጥ ያበሸቀኝ ደግሞ የእህቴ ባል ከውጭ አገር ባመጣልኝ የትንባሆ ቆርቆሮ ክዳን ላይ ትርጉሙ «ለስላሳ» የሆነ ቃል በጉልህ ታትሞ መገኘቱ ነበር። ፒፓ ከያዝኩ ሦስት ዓመት ቢሞላኝም፣ ከሲጋራ ወደ ፒፓ የተሻገረ ሰው የሚሠራውን ስህተት፣ ማለትም ቶሎ ቶሎ መሳብን፣ ገና አልተውኩም። በዚያ ከሰዓት ግን ጥፋቱ ከእኔ ሊሆን እንደሚችል ፈጽሞ አልታየኝም። ያልነደደውን እርጥብ ጥቁር ቅሪት አራግፌ፣ ቆርቆሮውን በብብቴ ይዤ ወደ አጎቴ ቤት አመራሁ።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ በተቆረቆረችው በዚህች ከተማ ተወልደው አድገዋል፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት በአሮጌው ምድር ባቡር የጥገና ክፍል ሲሆን፣ ፈረንሳይኛውንም ፒፓውንም የተማሩት ከፈረንሳይ አለቆቻቸው ነው። ሐኪም ከከለከላቸው ሁለት ዓመት ስለሆነ አሁን አያጨሱም። የሌላ ሰው ትንባሆ ከማሽተትና ከመተቸት ግን የከለከላቸው የለም።

«እስቲ ምላስህን አውጣ» አሉኝ፣ ቆርቆሮውን እንኳ ሳይቀበሉኝ። አወጣሁ።

«ጫፏ ቀልታለች። አንተ ልጅ፣ ባቡር ነው እንዴ የምትነዳው?»

«ጋሼ፣ ለስላሳ ነው ተብሎ እኮ ነው የተሸጠው።»

«ቅጠሉማ ለስላሳ ይሆናል። የከፋው እጅህ ነው፣ አቦ።»

ከዚያ ቆርቆሮውን ከፍተው ትንባሆውን በሦስት ጣታቸው ቆንጠር አድርገው ጨመቅ አደረጉት፤ እንደ ደረቀ የቡና ገለባ ፍርክስክስ አለ። ከአዲስ አበባ ስነሳ ክዳኑን በሚገባ አልገጠምኩትም ነበር፤ ከዚያም ሁለት ቀን ሙሉ ማራገቢያ በሚያርገበግብበት የሆቴል ክፍል ውስጥ፣ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በዚህች ሞቃታማ ከተማ ደረቅ አየር ላይ ተውኩት። አጎቴ እንዳስረዱኝ፣ ለማጨስ የደረሰ ትንባሆ በጣት ተጨምቆ ሲለቀቅ ቀስ እያለ ይፈታል። እንደ ድቡልቡል ሊጥ ከቀረ ውሃው በዝቷል፤ ከፈረፈረ ደግሞ አልቆለታል። የደረቀው እንደ ጭድ ቶሎ ይነድድና ጭሱ ይግላል፤ የረጠበው በበኩሉ አልነድድ እያለ ስለሚጠፋ አጫሹ ደጋግሞ እንዲለኩስና አጥብቆ እንዲስብ ያስገድደዋል፣ ከእርጥበቱ የሚነሳው እንፋሎትም ምላስን ይቀቅላል። ሁለቱ ተቃራኒ ጥፋቶች የሚያደርሱት ቃጠሎ አንድ ዓይነት መሆኑን እስከዚያን ቀን አላውቅም ነበር።

መድኃኒቱ የመጣው ከጓዳ ነው። አጎቴ ከተሰበረ ጀበና የተረፈ፣ የመዳፍ ግማሽ የምታህል ስባሪ አስመጡና ውሃ ውስጥ ነከሯት። ሸክላው የሚጠጣውን ያህል ከጠጣ በኋላ ፊቱን በጨርቅ አደራርቀው፣ በስስ ሻሽ ጠቅልለው ከትንባሆው በላይ አስቀመጧትና ክዳኑን ገጠሙ። «እስከ ነገ ጠዋት አትንካው» አሉ። ሸክላው የያዘውን እርጥበት በዝግታ ስለሚለቅ ቅጠሉ ሳይበሰብስ፣ ሳይሻግትም ይለሰልሳል። ውሃ በቀጥታ የሚረጩ ሰዎች እንዳሉ ሲያነሱ ፊታቸው ላይ የታየው መጸየፍ አሁንም ያስቀኛል።

ክዳኑ ከመገጠሙ በፊት ግን አንድ ቁንጥር ወስደው ሰፌድ ላይ በትነውት ነበር። ስንዴ እንደሚለቅም ሰው በጥፍራቸው ጫፍ በቀለም በቀለሙ ከፋፈሉት፤ ወርቃማው ወደ ቀኝ፣ ቡናማው ወደ ግራ፣ ጥቂቱ ጥቁር ደግሞ መሃል ላይ ቀረ። ለስላሳ የሚባል ቅይጥ ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ወርቃማው ቨርጂኒያ ነው። ይህ ቅጠል ከእርሻ እንደተቆረጠ የእሳቱ ጭስ በማይገባበት፣ በቱቦ በሚሞቅ ጎተራ ውስጥ በአንድ ሳምንት ገደማ ይደርቃል፤ ሙቀቱ ቅጠሉን ቶሎ ስለሚያደርቀው ስኳሩ በውስጡ እንዳለ ይቀራል። የዚህ ቅይጥ ጣፋጭነት የሚመጣው ከእሱ ነው፤ የደረቀ ሣርና የዳቦ ቅርፊት የሚመስለው ሽታም እንዲሁ። ይሁንና ምላስ ላይ የሚብሰውም እሱው ነው፤ ስኳር የበዛበት ቅጠል አጥብቀው ሲስቡት ጭሱ ይግላል፣ ይሰላል። ቡናማው በርሊ በአንጻሩ አየር በሚያናፍሰው ጎተራ ተሰቅሎ ለሳምንታት ስለሚደርቅ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ስኳሩን እየበላ ይጨርሰዋል። የሚቀረው ጣዕም ደረቅ፣ ወደ ለውዝ የሚያደላ ነው፤ ሲነድድም ስለማይቸኩል የቨርጂኒያውን ሙቀት ያበርዳል። ጥቁሩ ካቨንዲሽ የሚባለው ሲሆን፣ ስሙ የቅጠሉ ዘር ስም አይደለም፤ ቅጠሉ በእንፋሎትና በግፊት ተጠቅጥቆ እስኪጠቁር የሚያልፍበት የአሠራር ስም ነው። ጭሱን ክብ የሚያደርገውና ጠርዙን የሚያለዝበው እሱ ነው።

ብዙ ለስላሳ ቅይጦች ቫኒላ ወይም ቼሪ የመሰለ ሽቶ ይጨመርባቸዋል፤ በተለይ በርሊ የተጨመረለትን ሁሉ እንደ ስፖንጅ ስለሚመጥ ለዚህ ይመረጣል። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ጣዕም የተጨመረበት ትንባሆ እንዳይሸጥ የተከለከለ ሲሆን፣ የእኔም ቆርቆሮ ከዚህ ነጻ ነበር። እውነቱን ለመናገር ክልከላው ባይኖርም አልመርጠውም ነበር፤ ሽቶው አጠገብ የተቀመጠውን ሰው ያስደስታል እንጂ ለአጫሹ የሚደርሰው ከስሙ ጥቂት ያለፈ ነው።

«ከባድስ የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

አጎቴ መልሱን በአንድ የቀድሞ አለቃቸው ታሪክ ጀመሩ። ሰውየው የሚያጨሰው ላታኪያ ያለበትን ቅይጥ ነበር። ላታኪያ ስሙን ከሶርያ ወደብ ያገኘ፣ በቆጵሮስም የሚዘጋጅ፣ በእንጨት ጭስ እየታጠነ የሚጠቁር ቅጠል ነው፤ ሽታውም በወይራ በደንብ የታጠነ የወተት ቅል ያስታውሳል። ሠራተኛው ሁሉ ይህን ጭስ ሲሸት ሰውየው ራስ የሚያዞር ነገር የሚያጨስ ይመስለው ነበር። ነገር ግን ላታኪያ የሚሠራው ኒኮቲኑ አነስተኛ ከሆነው የምሥራቅ ሜዲትራንያን ቅጠል ስለሆነ፣ ሽታው የሚያስፈራውን ያህል ጉልበት የለውም። ሽታ፣ የጣዕም ሙላትና የኒኮቲን ጉልበት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የምላስ ቃጠሎ ደግሞ ራሱን የቻለ አራተኛ ነው። ቆርቆሮ ላይ የሚጻፈው «ለስላሳ» ከእነዚህ የትኛውን እንደሚያመለክት ግን አይነገርም።

በዚህ ላይ ከእኔ ንባብ አንድ ነገር ልጨምር። ስኳር ያለው ቨርጂኒያ የሚሰጠው ጭስ ወደ አሲድነት ያደላል፤ እንዲህ ባለ ጭስ ውስጥ ያለ ኒኮቲን በአፍ ቆዳ በኩል ወደ ደም በቀላሉ አይገባም። ስኳሩን የጨረሰው በርሊ ግን ወደ አልካሊነት የሚጠጋ ጭስ ስላለው ኒኮቲኑ በአፍ በኩል ይዘልቃል። የፒፓ ጭስ ደግሞ ወደ ሳንባ ሳይወርድ አፍ ውስጥ ቆይቶ ስለሚወጣ፣ አንድ ቅይጥ ለፒፓ አጫሽ ለስላሳ የሚሆነው በአብዛኛው በርሊው በልክ ሲሆን ነው። ለስላሳ ማለት ጤነኛ ማለት እንዳልሆነ ግን አጎቴ ራሳቸው ሕያው ማስረጃ ናቸው፤ ወደ ሳንባ ያልወረደውም ጭስ ለአፍና ለጉሮሮ ካንሰር ይዳርጋል፤ ሐኪማቸውም የተናገራቸው ይህንኑ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሐረር ከመነሳቴ በፊት ጀበናዋ ሥራዋን ሠርታ አገኘናት። ቅጠሉ በጣት ሲጨመቅ ቀስ ብሎ ተፈታ፤ ትናንት ከሰዓት ጭድ ጭድ ይል የነበረው ነገርም ዘቢብ ዘቢብ ሸተተኝ። አጎቴ ፒፓዬን ተቀብለው ከሥሩ ላላ፣ ወደ ላይ ጠበቅ አድርገው ሞሉትና ሳይለኩሱ ስበው ሞከሩት፤ አየሩ በትንሹ እየታገለ መምጣት አለበት አሉ። እንጨቱንም አገላብጠው አዩት። ፒፓ የሚቀረጽበት የሜዲትራንያን ዛፍ ጉጥ በሰሜን ተራሮችና በባሌ ደጋ ከሚበቅለው ከእኛው አስታ ጋር ዘሩ አንድ ነው። ይህን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «ታዲያ ፈረንሳዮቹ ለምን አልነገሩኝም?» ብለው እንደ መቀየም አደረጋቸው።

የመጨረሻው ትእዛዛቸው ሁለት ነበር። «አንድ ጊዜ ትስባለህ፣ ከዚያ ወሬ ታወራለህ። አመዱንም ሳታራግፍ አምጣልኝ።»

ሚኒባሱ ደንገጎን ሲወጣ አየሩ መቀዝቀዝ ጀመረ። ቆርቆሮውን እርጥበቱን ልይ ብዬ ለአፍታ ስከፍተው አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ይሄ ደግሞ የምን ሻይ ቅጠል ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ትንባሆ መሆኑን ስነግራቸው አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ግን ሽታው ሻይ ቅጠል መሆኑን እስከ አወዳይ ድረስ አልካዱም።

ሐረር ከ1,850 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ማታዋም ነጠላ ያስደርባል። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ክፍል ውስጥም ግቢ ውስጥም ማጨስ እንደማይቻል በትህትና ነገሩኝ፤ ሕጉም ከእሳቸው ጋር ነው። ጀጎል ውስጥ በየመስጊዱና በየአዋቹ (በየወሊዮቹ መቃብር) ደጃፍ ጭስ መንዛቱን እኔም አልፈቀድኩትም። ስለዚህ አመሻሽ ላይ በኤረር በር ወጥቼ፣ ከበሩ ራቅ ብዬ የግንቡን ሥር ጥግ ያዝኩ። መጀመሪያ የቆምኩት ሜዳው ላይ ነበር፤ ከኤረር ሸለቆ የሚነሳው ነፋስ ፍሙን ሲያጋግለው ጣቶቼ ተሰማቸውና ሸሸሁ። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስገነቡት ግንብ ለእኔ ፒፓ የነፋስ መከታ ይሆናል ብለው አላሰቡ ይሆናል፤ በደንብ ግን አገልግሎኛል።

የመጀመሪያው እሳት ቅጠሉን ከፍ አድርጎ ካነሳው በኋላ በመጠቅጠቂያው ቀስ ብዬ አስተኛሁትና ዳግም ለኮስኩት። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች የቨርጂኒያው ናቸው፤ ጣፋጭ፣ ስስ፣ ከምላስ ጫፍ የማያልፍ ነው። ከዚያ ልማዴ ተነስቶብኝ መሳብ ሳፋጥን፣ ጉንጩን በጫት የሞላ ወጣት አስጎብኚ መጥቶ ፒፓዬን ትኩር ብሎ አየና «ጋሼ፣ ራምቦ ቤት ልውሰድህ?» አለኝ። በዚህ አገር «ጋሼ» እና «አንተ» አንድ አፍ ውስጥ ተስማምተው ያድራሉ። ራምቦ የሚለው ሐረር የኖረውን ፈረንሳዊ ገጣሚ ራምቦን ነው፤ ያ ሰው እ.ኤ.አ. በ1872 ወዳጁ ገጣሚ ቬርሌን በሳለው ንድፍ ላይ ፒፓ በአፉ ይዞ ይታያል። ፒፓ የያዘ ሰው ሁሉ ወደዚያ የሚሄድ ቢመስለው አልፈርድበትም።

ነገ እንደምሄድ ነገርኩት፤ እሱ ግን አልሄደም። ተቀምጦ ስለ ባቢሌ ዝሆኖች፣ ስለ ጅቦቹ፣ ስለ ወንድሙ ሠርግ አወራኝ። ለእያንዳንዱ ጥያቄው ስመልስ ፒፓው ከአፌ ይወጣል፤ ፍሙ ይተኛል፤ አመዱ ሥር ለብ ብሎ ይቆያል፤ ስመልሰው አንድ ለስላሳ ስበት ብቻ ይበቃዋል። በመካከሉ ከኪሱ የባቢሌ ለውዝ አውጥቶ መዳፌ ላይ ዘገነልኝ። ለውዙን አኝኬ ሳልጨርስ ፒፓውን ስስብ በርሊው መጣ፤ ያው ደረቅ የተቆላ ለውዝ ጣዕም በጭስ ተደገመልኝና ሳቅሁ። ልጁ ለምን እንደሳቅሁ አልገባውም። «ጭስህ አያስልም» አለ ብቻ።

ፒፓው ሃምሳ ደቂቃ ያህል ቆየ። መጨረሻው ላይ ጣዕሙ ጠቆር፣ መረር ማለት ሲጀምር አልታገልኩትም፤ ከታች የተጠራቀመው እርጥበት መንቦቅቦቅ ሳይጀምር ተውኩት፣ አፉንም በወረቀት ወትፌ ኪሴ ከተትኩት።

ከሁለት ቀን በኋላ ድሬዳዋ ስመለስ አጎቴ በረንዳቸው ላይ ነበሩ። ወረቀቱን ነቅለው የፒፓውን ሆድ ጋዜጣ ላይ ገለበጡት። ወደ ነጭነት የሚጠጋ ደቃቅ ግራጫ አመድ ወረደ፤ ከሥሩ የወጣው ጥቁር ቅሪት ከምስር ፍሬ አይበልጥም ነበር። በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ ጣታቸውንም በሱሪያቸው ጠረጉ።

«እስቲ ምላስህን አውጣ» አሉኝ።