እግሬ ፍሬን ሲፈልግ፦ ሰውነትን ማዳመጥ ስማር ያለፉት ሁለት ዓመታት

ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስወርድ ሁሌ ከሹፌሩ ኋላ ነው የምቀመጠው። የሐረጎን ቁልቁለት ስንጀምር ቀኝ እግሬ ወለሉን ይረግጣል። ፍሬን እየፈለገ ነው። መንጃ ፈቃድ እንኳ የለኝም! ለዓመታት ሳደርገው ልብ አላልኩም። ያወቅኩት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የዚህ ትምህርት የመጀመሪያ የቤት ሥራ «ሰውነትህ ሳታዘው የሚሠራውን አንድ ነገር ያዝ» የሚል ነበር። እኔም እግሬን እጅ ከፍንጅ ያዝኩት።

ለማታውቁኝ፣ ሙያዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ደሴ ውስጥ ወገብና አንገት ሳፍታታ ነው የምውለው። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ የሚመጡልኝ ሰዎች ሁኔታ ተለወጠ። ራጁ ምንም አያሳይም፣ ትከሻው ግን ጆሮ ሥር ተሰቅሏል። አሻለሁ፣ አፍታታለሁ፣ ሳምንት ሳይሞላ እዚያው ይመለሳል። እጄ የማይደርስበት ነገር እንዳለ ገባኝ።

ፍለጋው «ሶማቲክ» ወደሚባለው፣ የሰውነትን ስሜት ከውስጥ በማስተዋል ውጥረትን ወደሚያረግብ ሥራ ወሰደኝ። ሶማ በግሪክ ቋንቋ አካል ማለት ነው። ቶማስ ሃና የሚባል አሜሪካዊ ነው በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ቃሉን ለዚህ ዓይነት ሥራ ያስለመደው። እዚህ ሰፈር ግን እንዲህ ብሎ መግለጽ አይሞከርም። «ማሳጅ ነው?» ይሉኛል። ማሳጅ የሚለው ቃል ደግሞ ስሙ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አሁን «ሰውነትን ማዳመጥ» እላለሁ፣ ጠያቂውም ይተወኛል።

ሶማቲክ ኤክስፒሪየንሲንግ የሚባል፣ አሜሪካዊው ፒተር ሌቪን የድንጋጤን ጠባሳ በሰውነት በኩል ለማከም የቀየሰው ዘዴ አለ። ሙሉ ሥልጠናው ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጃል፣ ክፍያውም በዶላር ነው። አልቻልኩም። ውጭ ያለ የአጎቴ ልጅ አንድ አጭር ኮርስ ከፈለልኝ። የቀረውን በመጽሐፍና በራሴ ገላ ላይ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ራሴን «ፈዋሽ» አልልም። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ጆሮ የጨመርኩ። ሌሊት የሚያባንነው፣ መኖር ያስጠላው ሰው ሲመጣ ወደ አእምሮ ሐኪም እልካለሁ። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ቶሎ የሠራልኝ ትንፋሽ ነው። እናንተም አሁኑኑ ሞክሩት። ሁለት ጣታችሁን የእጅ አንጓችሁ ላይ አድርጉ። አየር ስትስቡ የልብ ምቱ ፈጠን ይላል፣ ቀስ ብላችሁ ስታስወጡ ይዘገያል። የቬገስ ነርቭ ሥራ ነው፤ ከአንጎል ግንድ ተነስቶ በአንገት በኩል ልብና ሆድ ድረስ ይወርዳል። ታዲያ ማስወጫውን ማርዘም ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። አያቴ ከመንዙማ ወዳጃ (ከዱዓና ከዜማ ስብስብ) ቀለል ብሏቸው የሚመለሱት ለምን እንደሆነ ያኔ ጠረጠርኩ። አዝማቹን ሲያስረዝሙ ትንፋሹም አብሮ ይረዝማል። ሃይማኖቱን ወደ ሕክምና ላወርደው አይደለም፣ ትንፋሹን ብቻ ነው የማወራው።

ሁለተኛው የኤድመንድ ጃኮብሰን ዘዴ ነው። የቺካጎ ሐኪም ነበር፣ በፈረንጆቹ 1920ዎቹ የሠራው። ጡንቻን ለጥቂት ሰከንድ ጨብጦ ይዞ ከዚያ መልቀቅ። ያረጀ ነገር ነው፣ ግን የተፈተነ ነው። ያልዋጥኩትም አለ። «ያለፈ ሥቃይ ዳሌ ውስጥ ይጠራቀማል» የሚል ቪዲዮ ሞልቷል። ዳሌ ስነካ ነው የኖርኩት፣ እንዲህ ያለ መጋዘን አላየሁም። የቬገስ ነርቭ የደህንነትና የሥጋት ስሜትን እንዴት እንደሚመራ የሚያብራራው የአሜሪካዊው ስቲቨን ፖርጀስ የፖሊቬጋል ቲዎሪም በፊዚዮሎጂ ሰዎች ዘንድ ክርክር ያለበት ነው። እኔ እንደ ምሳሌ እጠቀምበታለሁ እንጂ እንደ ጸደቀ እውነት አላስተምረውም።

አሁን ወደ ውርደቴ። በአራተኛው ወር አሥራ ሁለት ሰው አንድ አዳራሽ ሰበሰብኩ። መጋረጃ ጋረድኩ። «ተጋደሙ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ» አልኩ፣ ልክ ቪዲዮው ላይ እንዳለው። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፤ አንድ ወጣት ብድግ ብሎ ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ። አንዲት እናት ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ደግሞ ቆሜ እንደ ሐውልት ነው የማየው። ማታ ነው የገባኝ። በዚያ ጥቅምትና ኅዳር እነዚህ ሰዎች የከባድ መሣሪያ ድምፅ እየሰሙ ጨለማ ውስጥ መሬት ላይ ተጋድመው ነበር። እኔ ለምኜ እዚያው መለስኳቸው። ከዚያ ወዲህ በር ክፍት ነው፣ ዓይንም ክፍት ነው፣ ጀርባ ወደ ግድግዳ። መጀመሪያ ክፍሉን እንቃኛለን፤ መስኮቱ የት ነው፣ በሩ የት ነው፣ ማን አለ።

ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ ግን ቋንቋው ነው። ኮርሱ ላይ አስተማሪዋ «ሰውነትህ ውስጥ ምን ይሰማሃል?» ስትል ሰውየው «ደረቴ ላይ ሙቀት» ይላል። እኔ ስጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ «አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።» «ስሜት» አልኩ፣ «ንዝረት» አልኩ፣ «የሰውነት ምልክት» አልኩ። አንድ አባት «አሞኛል አልኩህ እንዴ?» ብለው ተቆጡኝ።

አንድ ቀን በርበሬ የሚነግዱ እናት መጡ (እንዳይታወቁ ነገሩን ትንሽ ቀያይሬዋለሁ)። ነፋስ ቆርቆሮ ባንኳኳ ቁጥር ይደነግጣሉ፣ አንገታቸው አይዞርም። ጥያቄዎቼ ሁሉ አለቁብኝና እናቴ እንደምትጠይቀው ጠየቅኳቸው።

«ቆርቆሮው ሲጮህ ሆድዎ ምን ይላል?»

«ሆዴማ ተቋጥሯል ልጄ። የዚያን ለት የተቋጠረ መች ተፈታ።»

እጄን አላስቀመጥኩም። ወንድ ነኝ፣ ደግሞም አያስፈልግም። የራሳቸውን መዳፍ ከእምብርታቸው በላይ አደረጉ። ቋጠሮው ምን ያህላል አልኳቸው። ጡጫቸውን አሳዩኝ። ይፈታ አላልኩም። በመስኮቱ የጦሳን ተራራ እያየን ዝም አልን፣ ጉም ግማሹን ሸፍኖታል። ትንሽ ቆይተው አዛጉ። ከዚያ ሆዳቸው ጮኸ። «ኧረ ጉድ! ቁርስ በልቻለሁ እኮ» ብለው በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ትከሻቸው ወርዶ ነበር። አልነገርኳቸውም። ማዛጋትና የሆድ ጩኸት ሰውነት ሲረጋጋ ከሚመጡ ነገሮች መካከል መሆኑን መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነበር፣ በዓይኔ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ወዲህ በእኛው ቃል ነው የምጠይቀው። ልብዎ ይርዳል? አንጀትዎ ይላወሳል? ቆሽትዎ አሯል? ማንም ትርጉም አይጠይቀኝም። «ሆድ ይፍጀው» ያለኝን ሰው ግን አልጫንም። ሻይ አዝዤ ሌላ ወሬ እንጀምራለን።

በቅርቡ ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ላይ ለሚሠሩ ልጆች በእረፍት ሰዓታቸው አሥር ደቂቃ አገኘሁ። ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ አጎንብሰው ነው የሚውሉት። «ትከሻ ወደ ጆሮ፣ ያዙ፣ ልቀቁ» አልኩ። ሦስተኛው ላይ አንዷ «ይሄማ እስክስታ ነው!» አለች። አበቃ። ሁሉም መቱት፣ አንዷም እልል አለች። የጃኮብሰን ዘዴ እዚያው ቀረ። እኔም አልከለከልኩም፤ ትከሻው እንደሆነ ወርዷል። በሚቀጥለው ራሴም እስክስታውን ልጀምርላቸው ነው፣ ባልችልበትም።

ስመለስ ሐረጎ ዳገት ነው። እግሬን አየሁት፣ ዝም ብሏል።