777 ያልፈታው ችግር

አንድ የሊኑክስ ሰርቨር፣ ሦስት ዴቨሎፐር፣ በላራቬል (የፒኤችፒ ፍሬምወርክ) የተሠራ አንድ ሳይት። ሦስቱም በየራሳቸው አካውንት ገብተው ጊት ፑል ያደርጋሉ (አዲሱን ኮድ ያወርዳሉ)። ሳይቱ አንዳንድ ቀን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ 500 (የሰርቨር ስህተት) እያለ ያድራል። ጠዋት ቀድሞ የገባው ሰው በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) መላውን ፎልደር 777 (ማንም የሚያነበው፣ የሚጽፍበትና የሚያስኬደው) ያደርገውና ሳይቱ ይነሳል። ከዚያ ሌላ ሌሊት ደግሞ ይወድቃል።

ጥፋቱ የሎግ (የክንውን መዝገብ) ፋይሉ ነበር። ላራቬል በየቀኑ አዲስ ሎግ እንዲከፍት ተደርጓል፤ ክሮኑ (ሥራዎችን በሰዓታቸው የሚያስጀምረው) ደግሞ በአንደኛው ዴቨሎፐር አካውንት ነው የሚሠራው። የዕለቱን የመጀመሪያ መስመር ክሮኑ ከጻፈ ፋይሉ የዚያ ሰው ይሆናል፤ ዩማስኩ (ከአዲስ ፋይል ላይ የሚነሳው ፈቃድ) 022 ስለሆነም ፈቃዱ 644 ነው። የዌብ ሰርቨሩ ተጠቃሚ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም። ዌብ ሰርቨሩ ከቀደመ የሚወድቀው ክሮኑ ነው፤ ያንን ደግሞ ማንም ልብ አይልም።

777 ያሉትን ፋይሎች ይከፍታል፤ ነገ የሚፈጠረውን አይነካም። ይባስ ብሎ ጊት ፋይሉ ኤክስኪውት መደረግ መቻሉን ስለሚመዘግብ ሁሉም ፋይል የተለወጠ ይመስለዋል፤ በቀጣዩ ፑል ኮሚት ያልተደረገ (በጊት ያልተመዘገበ) ለውጥ አለ ብሎ እምቢ ይላል።

ክሮኑን ወደ ዌብ ሰርቨሩ ተጠቃሚ ማዛወር የሌሊቱን ውድቀት ያስቀራል። አንዱ አርቲሳንን (የላራቬልን የትእዛዝ መሣሪያ) በራሱ አካውንት ባዘዘ ቁጥር ግን ነገሩ ያገረሻል፤ ስለዚህ የጋራ ግሩፕ ያስፈልጋል። ሰው ወደ ግሩፑ ለማስገባት የዩዘርሞድ ትእዛዝ ሲጻፍ ከትልቁ ጂ በፊት ትንሿ ኤ ከተረሳች ሰውየው ከሌሎች ተጨማሪ ግሩፖቹ ሁሉ ይወጣል፣ ከሱዶም ጭምር! አባልነቱም የሚሠራው ወጥቶ ሲገባ ነው፤ ፒኤችፒ ኤፍፒኤምም (የሳይቱን ፒኤችፒ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ሪስታርት ይፈልጋል።

ከዚያ ሁሉም ነገር ወደዚያ ግሩፕ ይዛወርና ፎልደሮቹ 2775፣ ፋይሎቹ 664 ይደረጋሉ፤ በዚህ ግሩፑም መጻፍ ይችላል። የፊቷ 2 በፎልደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ሁሉ ግሩፑን እንዲወርስ ታደርጋለች። በኤምቪ (በማዛወሪያው ትእዛዝ) የመጣ ፋይል ግን የድሮ ግሩፑን ይዞ ይመጣል።

ግሩፑ መወረሱ ብቻ አይበቃም፤ ዩማስኩ 022 እስከሆነ ድረስ በአዲስ ፋይሎች ላይ ግሩፑ መጻፍ አይችልም። 002ን ፕሮፋይል (ሰው ሲገባ የሚነበበው ፋይል) ውስጥ ጻፉ የሚለው ምክር የተለመደ ነው፤ ክሮንም ኤፍፒኤምም ያንን ፋይል እንደማያነቡ ግን ይዘነጋል። በሴትኤፍኤሲኤል ትእዛዝ ለፎልደሮቹ ዲፎልት ኤሲኤል (አዲስ ፋይል የሚወርሰው የፈቃድ ዝርዝር) መስጠት ይሻላል፤ እሱ ባለበት ፎልደር ዩማስክ ከቁጥር አይገባም።

ጊት የራሱ ጣጣ አለው። ኮር ሼርድ ሪፖዚተሪ የሚባለው ሴቲንግ ግሩፕ ካልተደረገ አንዱ ፑል ሲያደርግ የፈጠራቸው የኦብጀክት (የጊት የውስጥ ዳታ) ፎልደሮች ለሌላው ይቆለፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው 2.35.2 ወዲህ ደግሞ ባለቤቱ ሌላ ሰው የሆነ ሪፖዚተሪ ሴፍ ዳይሬክተሪ (የታመኑ ፎልደሮች ዝርዝር) ላይ ካልተመዘገበ ጊት አይሠራበትም።

ፋይሎቹ በጅምላ 664 ሲደረጉ የዳታቤዙ ፓስወርድ ያለበት ዶት ኢኤንቪ የሚባለው ፋይልም አብሮ ለሁሉም ይነበባል፤ እሱ ለብቻው ወደ 640 ይመለስ።